ጓዳ የማይዘጋ ማኅበር

መርዶው የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ፍኖተ ሰላም አብሮኝ ያስተምር የነበረው ጌታሁን እኔ ወደተዛወርኩበት ወደ ባሕር ዳር ደውሎ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ደመወዝ እርከኑ አውርቶ አውርቶ ሊሰናበተኝ ሲል፣ «ለካ አልነገርኩህም፤ እትዬ ባንቺአምላክ አረፉ እኮ። መንፈቃቸውም ወጣ» አለኝ። ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አገኛቸው?» ነው። እኔ ግን ከአፌ የወጣው «ይሁኔስ? ይሁኔ ማን ጋ ነው?» የሚል ነበር። ጌታሁን «አይዞህ፣ ማኅበሩ አለ አይደል?» አለኝ።

እትዬ ባንቺአምላክ ያን ያህል ዓመት የለፉት ሰው ይህችን እንዲል ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። እኔ በተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነኝ። ሰው ሳልጠይቀው «አይዞህ» ካለኝ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ብዬ ነው የማስበው።

ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው ቤት ስፈልግ ነው። ከደሴ ተነሥቼ ፍኖተ ሰላም በመምህርነት ተመድቤ የመጣሁት ባጃጅ ወደ ከተማው ገና መግባት በጀመረበት ጊዜ ነበር። ደላላው ከዋናው መንገድ በታች፣ ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለ ግቢ ወሰደኝ። በሩን የከፈቱት ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴት ናቸው። ክፍሉን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው።

«ክፍሉ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ልጄን ላሳይህ» አሉኝ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ በረንዳው ጥግ ተቀምጦ የድስት ክዳን ያሽከረክራል። ክዳኑ ሊወድቅ ሲል ይይዘዋል፣ መልሶ ያሽከረክረዋል። ቀና ብሎ አላየንም።

«ይሁኔ ይባላል። አይናገርም። ብትጠራው ዞር አይልም፤ ንቆህ አይደለም። ሲደሰት ይዘላል፣ ሲከፋው እጁን ይነክሳል። እብድ አይደለም፣ መንፈስም አልያዘውም። ስም አለው፤ ኦቲዝም ይባላል። እንግዲህ ልብህ ካልሸሸ ክፍሉን እንየው።»

እኔ ምሩቅ ተብዬው ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ምን እንደሚባል ጠፍቶኝ «ጥሩ ነው» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁብኝ። ከእኔ በፊት የመጡት ሁሉ ልጁን አይተው «ነገ እንመለሳለን» እያሉ እንደቀሩ የነገሩኝ በኋላ ነው። «ነገ የሚሉት ቀን እናንተ ወሎ መጥቶ ያውቃል? እኛ ዘንድ አልመጣም» ይሉኝ ነበር።

እትዬ ባንቺአምላክ የቡሬ ገጠር ልጅ ናቸው። ተምረው፣ ፍኖተ ሰላም በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ይሠሩ ነበር። ልጁን የሚይዝላቸው ሰው ሲያጡ ሥራቸውን ተዉና ክፍል እያከራዩ፣ በርበሬ እያዘጋጁ እየሸጡ መኖር ጀመሩ። ባላቸው፣ ይሁኔ ገና ሕፃን ሳለ፣ ለሥራ ብለው ወደ መተከል ሄደው እዚያው ሌላ ትዳር ያዙ። እኔ ሰውየውን ስረግም ሰምተውኝ፣ «ተው አትፍረድበት። እኔም መሸሻ አጥቼ ነው» አሉኝ። እናት እንዲህ ስትናገር ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥሁ። እሳቸው ግን በርበሬያቸውን መቀንጠስ ቀጠሉ።

ያላደረሱት ቦታ አልነበረም። ጸበል ወስደውታል፣ ወራት ተቀምጠዋል፣ ሌሎች እንደሚያደርጉት ሁሉ እግሩን አሳስረውም ያውቃሉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ዘንድ ደረሱ። ሐኪሙ በሽታው ምን እንደሆነ፣ የሚያጠፋው መድኃኒት እንደሌለ፣ ልጁን ግን ቀስ እያሉ ብዙ ነገር ማስተማር እንደሚቻል አስረዳቸው። እሳቸው ከሁሉም አጥብቀው ይዘው የተመለሱት ስሙን ነው። «ስም ያለው ነገር እርግማን አይደለም» ይሉ ነበር። «እርግማን ቢሆን ሐኪሙ በምን ያውቀው ነበር?»

ይሁኔ የሚወደው የሚሽከረከር ነገር ነው። ከድስት ክዳኑ ቀጥሎ የጋሪ ጎማ ይወድ ነበር። በሩ ክፍት ከተገኘ ሮጦ ጋሪ ማቆሚያው ይሄድና፣ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ጎማውን ሲያይ ይውላል። ባለጋሪዎቹ ፈረሳቸውን የሚያስደነብር እየመሰላቸው በጅራፍ ያባርሩት ነበር። አንድ ቀን እትዬ ባንቺአምላክ በርጩማቸውን ተሸክመው ሄደው ማቆሚያው መካከል ተቀመጡ። «ይህ ልጅ ፈረሳችሁን አይነካም። ዓይኑ ጎማው ላይ ነው። መምታት ካማራችሁ እኔ ይኸው አለሁላችሁ» አሏቸው። ስድብ ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች አፈሩ። እሳቸውም በዚያ አላበቁም፤ በማግሥቱም፣ በሳልስቱም ሄደው ተቀመጡ፤ ስለ ልጁ አወሩላቸው፣ ስለ ፈረሶቻቸው ጠየቋቸው። ከዚያ ወዲያ ይሁኔ ጠፋ በተባለ ቁጥር ጋሪ ላይ አስቀምጦ የሚያመጣው ባለጋሪ ሆነ። እኔ ቢሮ ሄደው ለልጁ ድጋፍ እንዲያመለክቱ ስወተውታቸው የሚመልሱልኝ ይህንኑ ነበር፦ «ቢሮ ያለው ሰው እሺ ይላል፤ ባለጋሪ ግን ቤት ድረስ ያመጣል።»

እንዲህ ያለች ጠንካራ ሴት አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈራት። በርበሬ ስንቀነጥስ፣ እኔ እያስነጠስሁ እሳቸው እየሳቁብኝ፣ ድንገት ሳቁን ያቆሙና፣ «መምህር፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ መታመሙ አይደለም። ከእኔ በኋላ ነው» ይሉኛል። «ወንድሜ አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ይወስደዋል። ወስዶ የት እንደሚያስቀምጠው ግን አውቃለሁ። የአገሬን ቤት አውቀዋለሁ እኮ። ለሰው የማይታይ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አይጠፋም።»

ለዚህ ነው ሌሎቹን ወላጆች መፈለግ የጀመሩት። እንደ ይሁኔ ያሉ ልጆች በየጓዳው እንዳሉ ያውቁ ነበር። ሰው በሹክሹክታ ይነግራቸዋል፤ አንድም እናት ግን ራሷ አትናገርም። መጀመሪያ እንደ ከተማ ሰው አሰቡ። በእኔ በኩል የትምህርት ቤቱን አዳራሽ አስፈቅደው፣ ስለዚህ በሽታ የሚነገርበት ስብሰባ አለ ብለው በየቤተ ክርስቲያኑ በራፍ አስነገሩ። በቀኑ ወንበር ደርድረን ተቀመጥን። እሳቸው፣ እኔና ዘበኛው ብቻ ነበርን። አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት በአጥሩ በኩል አለፈች፣ ተመልሳ መጣች፣ ደግሞ አለፈች። አልገባችም። እዚያ አዳራሽ መግባት እንደዚህ ያለ ልጅ አለኝ ብሎ ለከተማው ማወጅ ነውና፣ ማን ይገባል?

ወንበሮቹን ስንመልስ፣ «ትልልቁ ሰው አልመጣም፤ ልጆቹን ስጠኝ» አሉኝ። ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ርእሰ መምህሩ ፈቅደውላቸው ስለ ይሁኔ ተናገሩ። ማንንም አላስለቀሱም፤ ተማሪዎቹን እንዲያውም አሳቋቸው። መጨረሻ ላይ «ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ እህት ወይም ወንድም ያለው?» ብለው ጠየቁ። ማንም ሳያወጣ ቀርቶ እኔ ባፈርሁላቸው ጊዜ፣ ትሁን የምትባል የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ከሰልፉ መካከል እጇን አወጣች። ያ ሁሉ ተማሪ እያያት አላወረደችውም።

የትሁን እናት ወይዘሮ የሻረግ፣ ያቺ በአጥሩ በኩል ስትመላለስ የነበረችው ሴት ሆና ተገኘች። ሰናይት የምትባል፣ ከትሁን በታች የሆነች ልጅ አለቻት። ጎረቤት እንኳ ልጅቷ በሕፃንነቷ የሞተች ይመስለው ነበር።

ጽዋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እትዬ ባንቺአምላክ «ሰው ስብሰባ ይፈራል እንጂ ጽዋ አይፈራም» አሉና በኪዳነ ምሕረት ስም፣ በየወሩ በዐሥራ ስድስት የሚጠጣ ማኅበር አቋቋሙ። በእኛ አገር ማኅበር የማይጠጣ ቤት የለም፤ ለምን ትጠጣላችሁ የሚልም የለም። በተራ በተራ እየተዞረ በየቤቱ ይደገሳል፣ ቄስ ይባርካል፣ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። የእሳቸው ማኅበር ከሌላው የሚለየው ማኅበርተኛው ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው መሆኑ ነው። ተረኛው ጓዳውን አይዘጋም። ልጁ ከሰው ፊት ይቀመጣል።

አንድ ሌላም ደንብ ነበራቸው። በየትኛውም ማኅበር አባል ሲሞት ልጁ ይተካዋል፤ የሚተካው ግን ብርቱው፣ አውራው ልጅ ነው። እሳቸው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ፣ ሆነው ሲመረጡ፣ «በእኛ ማኅበር የሚተካው ያኛው ነው» አሉ። «መደገስ ባይችል ተራውን እንደግስለታለን። እኔ ስሞት ይሁኔ በየሰው ደጅ ተመጽዋች ሆኖ አይቆምም፤ ማኅበርተኛ ሆኖ ይገባል። የእናንተም ልጅ እንዲሁ።» ይህን ሲሰሙ ወላጆቹ ሁሉ አለቀሱ። ለካ ፍርሃቱ የሁሉም ኖሯል።

የማኅበሩ አባት ቄስ ምናለ መጀመሪያ ልጆቹን ሁሉ ጸበል እንዲወስዷቸው ይፈልጉ ነበር። እትዬ ባንቺአምላክ መስቀላቸውን ተሳልመው፣ «ጸበሉን እንጠጣለን አባቴ፤ ሰንሰለቱን ግን አይባርኩብን» አሏቸው። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገሩን ተዉት። በየሰፈሩ አንድ ለአምስት ተደራጁ በሚባልበት ዘመን ስለነበረ አንድ የሰፈር ሹም ደግሞ መጥቶ ፈቃድ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። «ጽዋ ለመጠጣት ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ? ወይስ ኪዳነ ምሕረትንም አንድ ለአምስት ላደራጃት?» አሉት። ሰውየውም ስቆ፣ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።

ያ ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር። ብዙ አልቆየም እንጂ ነበር። አንዲት እናት የሌላ ሰው ልጅ እንደ ራሷ ልጅ እጁን ሲያርገበግብ አይታ «የእኔ ብቻ መስሎኝ! የእኔ ብቻ መስሎኝ!» እያለች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጽዋ ወደ ተረኛው ቤት ሲሸኝ በእልልታ ነው፤ ልጆቹ ግን እልልታ ሲሰሙ ጆሯቸውን ይዘው ይጮኹ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ጽዋውን በዝምታ መሸኘት ጀመረ። ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ፣ ልጁን በእጁ ይዞ፣ ምንም ሳይናገር በመንገዱ ዳር ሲሄድ ባለጋሪዎች ቆመው ያሳልፉት ነበር። የከተማው ሰው «ይህ የምን ማኅበር ነው፣ ቀብር ይመስል?» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ግን እስካሁን ከዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም።

የሻረግ ተራ በደረሳት ጊዜ ትሁን ትምህርቷን ጨርሳ ታጭታ ነበር። ያጯት የቡሬ ሰዎች ናቸው፤ ልጁ የግብርና ባለሙያ ነው። ቃል ታስሯል፣ ሠርጉ ጥር ላይ ተቆርጧል። በዐሥራ ስድስት፣ እኔም በእንግድነት ተገኝቼ፣ ተሰብስበን ሳለን የሙሽራው አክስት ለሌላ ጉዳይ ወደ ከተማ መጥተው ኖሮ «እግረ መንገዴን ልጠይቃችሁ ብዬ» ብለው ገቡ። ሰናይት በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እየተወዛወዘች ታንጎራጉራለች። ሴትዮዋ ቆመው አዩዋትና፣ «ይህችስ? የማን ልጅ ናት?» አሉ።

የጎረቤት ናት ማለት ይቻል ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ትላለች ብለን ጠበቅን፤ ብትልም የሚፈርድባት አልነበረም። የሻረግ ግን ቀና ስትል ዓይኗ ከእትዬ ባንቺአምላክ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። «ልጄ ናት» አለች። «የትሁን ታናሽ ናት። ሰናይት ትባላለች።» አክስቲቱ «እግዜር ያሳድጋት» ብለው ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውንም ቀመሱ፤ አመስግነው ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጎጃሜ ነገር በቀጥታ አይናገርም። «ልጃችን ገና ነው፤ ትንሽ ይቆይ ብለናል» አሉ እንጂ ስለ ዘር አንድም ቃል አላነሡም። ሁሉም ግን ገባው።

የሻረግ ወደ እትዬ ባንቺአምላክ ግቢ ስትገባ እኔ በረንዳ ላይ ደብተር አርም ነበር። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል። «አንቺ ባታዪኝ ኖሮ የጎረቤት ናት እል ነበር!» ብላ ጮኸች። «ምን ብለሽ አየሽኝ? አንዷ ከጓዳ እንድትወጣ ሌላዋ ቤት ትቅር? ያንቺስ አንድ ነው፤ የእኔ ሁለት ናቸው!» እትዬ ባንቺአምላክ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆመው፣ እስኪበቃት ሰሟት። ከሄደች በኋላ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና፣ «እውነቷን ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

ትሁን አረብ አገር ሄደች። ከመሄዷ በፊት ትምህርት ቤት መጥታ ተሰናበተችኝ። «መምህር፣ ያኔ እጄን ባላወጣ ይሻል ነበር?» አለችኝ።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ሴት ልጅ ያለው ማኅበርተኛ ሁሉ ፈራ። በሚቀጥለው ዐሥራ ስድስት ተረኛው ጽዋውን ሊቀበል አልመጣም። ጽዋ አልቀበልም ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ከሚለው ይልቅ ባለስሟን ይፈራል። እነዚህ ሰዎች ግን ከእመቤታችን ይልቅ ጎረቤታቸውን ፈሩ። ጽዋውን እትዬ ባንቺአምላክ ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ከዚያ መውጣት እምቢ አለ። እሳቸውም ተራው የራሳቸው ይመስል ወር በወር ይደግሱ ጀመር። ሁለት ሦስት ሴቶች፣ ያውም ልጆቻቸውን ሳይዙ፣ ተደብቀው ይመጡ ነበር። ይሁኔ መካከል ላይ ቁጭ ብሎ ክዳኑን ያሽከረክራል። አሁን ፂም ያወጣ ወጣት ሆኗል። ባለጋሪዎቹም በባጃጅ ተገፍተው ቀንሰው ስለነበር፣ ከግቢ ቢወጣ እንደ ድሮው መልሶ የሚያመጣው አይገኝም።

ከዚያ ታመሙ። ባሕር ዳር ሄደው ተመርምረው ሲመለሱ ምን እንደተባሉ አልነገሩኝም። ያሉኝ፣ «መምህር፣ ቄስ ምናለን ጥራልኝ፤ ማኅበርተኞቹንም በሙሉ ጥራልኝ። የታመመ ሰው ጠራ ከተባሉ ይመጣሉ» ብቻ ነው። እውነታቸውን ነበር፤ ሁሉም መጡ። የሻረግም ሳትቀር መጣች፤ እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ባንቺአምላክ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ይሁኔን በእጃቸው ይዘው፣ «ደንባችንን ታውቃላችሁ። የሚተካኝ እሱ ነው። ተቀበሉልኝ» አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ ተነሥቶ «እንቀበላለን» አለ። «እኔ የምለው ድርሻውን አይደለም» አሉ እትዬ ባንቺአምላክ፤ «ልጁን ነው የምላችሁ።» «እሺ፣ እሺ፣ አይድከሙ፤ ይረፉ» አሏቸው ከየአቅጣጫው። ወደ እኔ ዞረው «እሺ አሉ፤ ሰማህ?» አሉኝ። ፊታቸው ግን የሰሙትን ያመነ ሰው ፊት አልነበረም። ብዙ ዓመት ሳመለክትበት የቆየሁት ዝውውር የመጣልኝ ከዚህ በኋላ ነው። ስሰናበታቸው ግንባሬን ሳሙኝ እንጂ ስለ ልጁ ምንም አላሉኝም።

ጌታሁን በደወለልኝ ወር፣ በዐሥራ ስድስት፣ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ማኅበሩ በእርግጥም ነበር። ሰው ሁሉ ተመልሶ ነበር። የሟች አደራ አስፈርቷቸው ነው። አሁን ሙሴዋ የሻረግ ናት፤ ድግሱም እሷ ቤት ነው። በደስታ ተቀብለውኝ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጡኝ። ቄስ ምናለ ዳቦውን ባርከው ከቆረሱ በኋላ የሻረግ አንድ ትልቅ ቁራሽ አንሥታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና፣ ባዶ መቀመጫ ላይ አኖረችው።

«የይሁኔ ድርሻ ነው» አለችኝ። «አንድም ወር አጓድለንበት አናውቅም። አደራቸውን አልበላንም።»

«እሱስ?» አልኳት።

«አጎቱ ወስዶታል፣ ቡሬ ገጠር። ድርሻውን ለነዳያን እንሰጥለታለን።»

ዙሪያዬን አየሁ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ልጅ ግን አንድም የለም። የጓዳው በር ተዘግቷል። «ሰናይትስ?» አልኩ። የሻረግ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ «ተኝታለች» አለች። ጽዋው ሊሸኝ ሲነሣ ሴቶቹ እንደ ማንኛውም ማኅበር እልልታውን አቀለጡት። በዚህ ጊዜ ከጓዳው ውስጥ የጩኸት ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ የሰማ አይመስልም፤ እልልታው ብቻ ከፍ አለ። እኔ ዕንባዬ መጣ። ከእልልታው የተነሣ መሰላቸውና ቄሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ልወጣ ስል የሻረግ የተጠቀለለውን ዳቦ ይዛ ተከተለችኝ። «ስትመለስ በቡሬ ነው የምታልፍ። እስቲ የዛሬውን ለራሱ አድርስለት» አለችኝ። ልትናገረኝ የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ግን ተመልሳ ገባች።

የእትዬ ባንቺአምላክ ወንድም አያ ስንሻው ከቡሬ ከተማ በእግር ራቅ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስደርስ ከእርሻ እየተመለሱ ነበር። የእህታቸውን ስም ስጠራላቸው በሬዎቹን ትተው አቀፉኝ፤ አልቅሰውም አስለቀሱኝ። ቤት አስገብተው እግርህን ካልታጠብህ አሉኝ። ይሁኔን ልይ ስላቸው ትንሽ አቅማሙና ከቤቱ በስተኋላ ወደ ጥጆቹ ጋጣ ወሰዱኝ።

ገለባ ላይ ተቀምጧል። ቁርጭምጭሚቱ በመጫኛ ጠፍር ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ንጹሕ ነው፤ ልብሱም ታጥቧል፤ እትዬ ባንቺአምላክ አልዋሹም፣ ወንድማቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ፊቱ ከድሮው ከስቷል። የሚያሽከረክረው ነገር ስላጣ ይሆናል፣ ጣቱን መሬት ላይ በክብ በክብ ያዞራል። ስሙን ጠራሁት። ዞር አላለም።

«ወንዝ አለ እዚህ ታች» አሉኝ አያ ስንሻው። «ሁለት ጊዜ ከውኃ ነው ያወጣሁት። እኔ እርሻ ላይ ነኝ፣ ባለቤቴ ገበያ ናት፣ ማን ይጠብቀው? ደግሞ ይቺ ልጄ ለአካለ መጠን ደርሳለች። ሰው ሲመጣ ...» አልጨረሱትም። «እህቴ ብታይ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ? ንገረኛ፣ አንተ የተማርህ ነህ።»

ጨርቁን ፈትቼ ዳቦውን ሰጠኋቸው፤ የማኅበሩ ድርሻ መሆኑንም ነገርኳቸው። አያ ስንሻው ደነገጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ተሳለሙት። ከዳር ቆርሰው ለይሁኔ አጎረሱት፣ ለራሳቸው ቀመሱ፣ የተረፈውን ለቤተሰቡ እንዲደርስ ለልጃቸው ላኩላት። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«በየወሩ ያወጡለታል?» አሉኝ።

«በየወሩ ያወጡለታል።»

«እኔ ብቻዬን የቀረሁበት መስሎኝ ስጨነቅ! ለካ አልረሱትም። ተመስገን፤ ሰው አለው ማለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ እኔን ሊሸኙኝ ተነሡና የጋጣውን በር ከውጭ ቀረቀሩት።